ፊትና ስፍራ፤ በመገናኛ የመልክ ፎቶግራፎች ላይ የቀረበ ሒስ

የሰው መልክ በፎቶግራፍ በተነሣ ቁጥር ሁለት ነገሮች ይመዘገባሉ፤ አንደኛው ተነሺው ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ተነሺው የቆመበት ስፍራ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለመጀመሪያው ነው፤ ተነሺውም ገንዘቡን የሚከፍለው ስለ መልኩ እንጂ ስለ ስፍራው አይደለም። ይሁን እንጂ ዓመታት አልፈው ፎቶግራፉ ከሣጥን ሲወጣ፣ ልጆችና የልጅ ልጆች መልኩን አይተው ከተደነቁ በኋላ ቀጥለው የሚጠይቁት «ይህ የት ነበር?» ብለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ከተነሺው በስተኋላ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ የኋላው ስፍራ ጥርት ብሎ ይታይ ወይስ ይደብዝዝ የሚለው ምርጫ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሕዝብን ኑሮና ልማድ ለሚያጠኑ ሰዎችም ቁም ነገር ያለው ጉዳይ ነው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ የምትገኘው መገናኛ፣ ስሟ እንደሚያመለክተው የመንገዶች መገናኛ ናት። ከቦሌ፣ ከሃያ ሁለት፣ ከሾላ፣ ከኮተቤና ከሲ.ኤም.ሲ. የሚመጣው ሕዝብ በዚህ ይተላለፋል፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡርም ከ2015 ጀምሮ በዚሁ ያልፋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕዝብ በሚበዛበት ስፍራ ፎቶ ቤት አይጠፋምና፣ በአካባቢው ሕንፃዎች ውስጥ ለመታወቂያ ጉርድ የሚነሣው፣ ካባ ለብሶ ምርቃቱን የሚያስታውሰው፣ ለሠርጉ የሚዘጋጀው ሁሉ ይስተናገዳል። ካሜራቸውን አንግተው በየመንገዱ ዳር ደንበኛ የሚጠባበቁ ወጣቶችም አሉ። የእነዚህ ባለሙያዎች እጅ በብዙ ነገር የሚመሰገን ነው፤ ብርሃንን ያውቃሉ፤ የተነሺውን ፍርሃት በጨዋታ ያስለቅቃሉ፤ የፊትን መልካም ጎን ፈጥነው ያገኛሉ። ነገር ግን ዛሬ የአብዛኛው የውጭ ፎቶግራፍ መለያ የሆነ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ከተነሺው ፊት በስተቀር ሌላውን ሁሉ እንደ ጉም ማደብዘዝ ነው። ሙሽሪት በመገናኛ ትነሣለች፤ ፎቶግራፉ ግን የመገናኛ መሆኑን የሚያስረዳ አንድ ምልክት አይኖረውም። መብራቶቹ ክብ ክብ የብርሃን ነጠብጣብ ሆነዋል፤ ሕንፃው ግራጫ ጥላ፣ ዛፉ አረንጓዴ ጭጋግ ሆኗል።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለፍርዱ ይረዳል። ሌንስ በእርግጥ አጥርቶ የሚያሳየው በአንድ የተወሰነ ርቀት ላይ ያለውን ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ርቀት ወዲህና ወዲያ ያለው ሁሉ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ሆኖም ድብዘዛው እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ የሰው ዓይን የማይለየው ክልል አለ። ፈረንጆች ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የሚሉት ይህን ክልል ነው፤ በአማርኛ የጥራት ጥልቀት ቢባል ትርጉሙን ይሰጣል። ይህን ጥልቀት የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ጥልቀቱ ያንሳል፤ ሲጠብ ጥልቀቱ ይጨምራል። ቁጥሩ ግን ተገላቢጦሽ ስለ ሆነ 1.8 የሰፊ ቀዳዳ፣ 8 ወይም 11 የጠባብ ቀዳዳ ምልክት ነው። ሁለተኛው የሌንሱ ርዝመት ነው፤ ሩቁን የሚያቀርበው ረጅም ሌንስ ጥልቀቱን ያሳንሳል። ሦስተኛው በካሜራውና በተነሺው መካከል ያለው ርቀት ነው፤ አንሺው በቀረበ መጠን ጥልቀቱ ይቀንሳል። የኋላው ስፍራ ምን ያህል እንደሚደበዝዝ ለማወቅ ደግሞ ተነሺው ከዚያ ስፍራ ምን ያህል እንደራቀ መጨመር ያስፈልጋል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ልክ በተሠራ ካሜራ፣ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተገጥሞ፣ ቀዳዳው 1.8 ላይ ሆኖ፣ ተነሺው በሁለት ሜትር ርቀት ቢቆም፣ የጥራት ጥልቀቱ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከዓይን ወደ ኋላ የሚተርፈው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዓይን እስከ ጆሮ ያለው ርቀት ግን ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ዓይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል ማለት ነው። በዚያው ሌንስና በዚያው ርቀት ቀዳዳው ወደ 8 ቢጠብ፣ ጥልቀቱ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ጭንቅላትንና ትከሻን ይበቃል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ብርሃን ነው፤ ከ1.8 ወደ 8 ሲወረድ ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን ወደ ሃያ እጅ ገደማ ይቀንሳልና። ለጨለማ ቤት ይህ ከባድ ዋጋ ነው። ለአዲስ አበባ ቀትር ፀሐይ ግን ምንም አይደለም፤ በደማቅ ፀሐይ ከ8 በላይ በጠበበ ቀዳዳም ቢሆን እጅ ሳይንቀጠቀጥ ማንሣት ይቻላል። ስለዚህ በመገናኛ አደባባይ በቀን የተነሣ ፎቶግራፍ ኋላው ጉም ቢሆን፣ ምክንያቱ የብርሃን እጥረት አይደለም፤ ምርጫ ነው። ምርጫ የሆነ ነገር ደግሞ ሊመረመር ይገባዋል።

ከጠፋው ነገር የመጀመሪያው ከራሱ ከተነሺው ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የመልክ ፎቶግራፍ ፊት ብቻ አይደለም። ሹሩባው ከግንባር ተነሥቶ ወደ ማጅራት ሲወርድ የሚሠራው መስመር፣ የነጠላው ጥለት፣ የቀሚሱ ጥልፍ፣ የአንገት መስቀሉ ቅርጽ፣ ይህ ሁሉ ተነሺዋ ከወዴት እንደ መጣች፣ በምን በዓል እንደ ተነሣች፣ ማን እንደ ሸመነላትና ማን እንደ ሠራላት የሚናገር ጽሑፍ ነው። በ6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የተነሣ ፎቶግራፍ የዚህን ጽሑፍ አንድ መስመር ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይደመስሳል። ሸማኔው ብዙ ቀን ተቀምጦ ያወጣው ጥለት በትከሻ ላይ የተንጠባጠበ ቀለም መስሎ ይቀራል። ዓይኑ ግን ያንጸባርቃል፤ ተመልካችም «እንዴት ያምራል» ይላል። ማማሩ እውነት ነው። የተከፈለበት ዋጋ ግን አልተቈጠረም።

የኢትዮጵያ ዓይን በእንዲህ ያለ ሥዕል ያደገ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ቅርብና ሩቅ በጥራት አይበላለጡበትም፤ ቅዱሱ፣ ፈረሱ፣ ከእግሩ በታች የወደቀው ጠላትና ከዳር የቆመው ሰው ሁሉም በእኩል ጥራት ተሥለዋል። ሠዓሊው የክብርን ልዩነት ለማሳየት ሲፈልግ ሌላ ዘዴ አለው፤ የተከበረውን አተልቆ ይሥላል፤ ጻድቁን ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ፊት ለፊት፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይን በጎን ያቆማል። ማንንም በማደብዘዝ አላዋረደም። ፎቶግራፍ ወደ አገሩ ከገባ በኋላም ይህ ልማድ ፈጥኖ አልተለወጠም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያቸውን የወረሱት ልጆቻቸው ባነሷቸው የመኳንንት ፎቶግራፎች ካባው፣ ጎራዴውና ወንበሩ ሁሉ የክብሩ ክፍል ናቸውና ሊታዩ ይገባ ነበር። ቆይቶም በየፎቶ ቤቱ ሥዕል ያለበት መጋረጃ ሲሰቀል፣ መጋረጃው ውሸት እንኳ ቢሆን ጥርት ያለ ውሸት ነበር፤ ተነሺው በምን ስፍራ ሊታይ እንደ ተመኘ ለተመልካች ያስረዳልና፣ ምኞቱም ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው። በ2018 በመጽሐፍ የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው፣ ከየቤተሰቡ አልበም የተሰበሰበ የፎቶግራፍ ስብስብ ይህን ያሳያል። ለዚያ መጽሐፍ ጣዕም የሰጠው የሰዎቹ ፈገግታ ብቻ አይደለም፤ የመኪናው ዓይነት፣ የቤቱ በር፣ የግድግዳው ጌጥና የመንገዱ መልክ አብረው መትረፋቸው ነው። ያነሷቸው ሰዎች ለታሪክ ብለው አላነሡም፤ ካሜራቸው ግን ስፍራውን አልነፈጋቸውም።

ስፍራን መንፈግ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የሚያስረዳ አንድ የቆየ ምሳሌ አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወድቃ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ፣ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበሩ። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ፤ ሕፃኑም ካፒቴን ስፒዲ በተባለ መኰንን ጠባቂነት ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። በዚያው በ1868 ዓመት ዋይት በተባለችው ደሴት ፍሬሽወተር በምትባል መንደር ይኖሩ የነበሩት ስመ ጥሩዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ልዑሉን አንዳንድ ጊዜ ብቻቸውን፣ አንዳንድ ጊዜም የኢትዮጵያ ልብስ ከለበሰው ከስፒዲ ጋር አነሷቸው።

ወይዘሮ ካሜሮን በዘመናቸው በዚሁ በጥራት ጉዳይ የተነቀፉ ሴት ነበሩ። ከ1866 ጀምሮ ይሠሩበት የነበረው ካሜራ 38 በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ብርጭቆ የሚይዝ፣ ሌንሱም 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ነበር። በእንዲህ ያለ ረጅም ሌንስ ፊትን ቀርቦ ላነሣ ሰው የጥራት ጥልቀቱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚቈጠር ነው። የዘመኑ ባለሙያዎች ይህን እንደ ጉድለት ሲቈጥሩት፣ እርሳቸው ግን ሌንሱን ሲያስተካክሉ ለዓይናቸው ያማረ ነገር ላይ በደረሱ ጊዜ፣ ሌሎች እንደሚያደርጉት ከዚያ አልፈው ለማጥራት ሳይደክሙ እንደሚያቆሙ በኋላ በጻፉት ማስታወሻ ገልጸዋል። ድብዘዛው እንግዲህ ስሕተት አልነበረም፤ የፈለጉት ነገር ነበር። የዓለማየሁ ፎቶግራፍም በዚህ መንገድ ከተነሡት ሁሉ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም። በፊቱ ላይ ያለው ሐዘን ያለ ጩኸት ይታያል፤ ለጉጉት ማርኪያ የቀረበ የባዕድ ልጅ ሳይሆን፣ ኀዘን የደረሰበት ሰው ሆኖ ይታያል።

ነገር ግን በዚያው ፎቶግራፍ ውስጥ ከኋላው የሚታይ ቤት የለም፤ ተራራ የለም፤ ዛፍ የለም። ለወይዘሮ ካሜሮን ይህ ልዩ አድራጎት አልነበረም፤ በዚያው በ1868 ክረምት ቻርለስ ዳርዊንን ሲያነሡ፣ ከዚያ በፊት በነበረውም ዓመት የከዋክብት ሊቁን ጆን ኸርሸልን ሲያነሡ፣ ከኋላ ያስቀሩት ጨለማን ብቻ ነው። ዘዴው አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ አይደለም። ዳርዊን ፎቶግራፉ ስፍራ ባይሰጠው ቤቱ፣ አገሩና መጽሐፉ ስፍራ ሰጥተውታል፤ ከጨለማው ውስጥ ፊቱ ብቻ ሲወጣ ክብሩ ይጨምራል። ሕፃኑ ልዑል ግን ስፍራው የተወሰደበት ሰው ነው። እርሱን ከስፍራ መለየት የደረሰበትን ነገር በሥዕል መድገም ይሆናል። ከዚህም የሚያሳዝነው፣ ከዘመቻው ጦር ጋር የመጡት መሐንዲሶች በዚያው ዓመት የመቅደላን አምባና የመንገዱን ተራሮች ገደል ከገደል እስኪለይ ድረስ አጥርተው አንሥተው ነበር። ስለዚህ አምባው በአንድ አልበም ቀረ፤ የልጁ ፊት በሌላ አልበም ቀረ። ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በሊድስ ከተማ ዐርፈው በዊንዘር ተቀበሩ፤ ዐፅማቸው ወደ አገራቸው እንዲመለስ የቀረበውም ጥያቄ በ2023 ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ፈቃድ ሳያገኝ ቀርቷል። የፊትና የስፍራ መለያየት በእርሳቸው ታሪክ እስከ ዛሬ አላበቃም።

የመገናኛ ሙሽራ ግን ልዑል ዓለማየሁ አይደለም፤ ስፍራውን ማንም አልወሰደበትም የሚል ተከራካሪ ሊኖር ይችላል። ክርክሩ በከፊል እውነት ነው። ለድብዘዛውም ጥብቅና የሚቆሙ በቂ ምክንያቶች አሉ። መገናኛ የሚጋፋ ሕዝብ፣ የሚጮኽ ወያላ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ የበዛበት ስፍራ ነው፤ ይህ ሁሉ እኩል ከጠራ የተነሺው ፊት ከብዙ ነገር መካከል አንዱ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም በአጠገብ የሚያልፈው መንገደኛ ፎቶግራፍ ልነሣ ብሎ አልወጣም፤ ያለ ፈቃዱ በሰው የሠርግ አልበም ውስጥ ከሚገባ ፊቱ ቢደበዝዝለት ለክብሩ ይሻላል። እነዚህ ሁለት ምክንያቶች ሊናቁ አይገባም።

ይሁን እንጂ ምክንያቶቹ የሚጠይቁት ጥቂት ድብዘዛ ነው፤ የሚደረገው ግን ፍጹም ማጥፋት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውም ልዩነት የሚለካ ነው። ከላይ እንደ ተጠቀሰው በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስና በ1.8 ቀዳዳ በሁለት ሜትር ርቀት የተነሣ ሰው፣ ከካሜራው ሠላሳ ሜትር የራቀ ሕንፃ ከኋላው ቢኖር፣ በሕንፃው ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ከፎቶግራፉ ወርድ ከመቶ አምስት እጅ የሚያህል ክብ ትሆናለች። አንሺው ሌንሱን በ50 ሚሊ ሜትር ለውጦ፣ አንድ ሜትር ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ ቀዳዳውን በ4 ቢያደርገው ያች ነጥብ አሥር እጅ ያህል ታንሳለች። ያን ጊዜ የጥራት ጥልቀቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሹሩባውም፣ ጥለቱም፣ ጥልፉም ይጠራል። በሠላሳ ሜትር ላይ የሚያልፈው መንገደኛ ፊቱ አይለይም፤ የሕንፃው ቅርጽ፣ የባቡሩ መስመርና የአደባባዩ መታጠፊያ ግን ይታወቃል። ፊቱ እንደ ጌታ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ስፍራውም እንደ ምስክር ከኋላው ይቆማል። ከዚህም አልፎ ስፍራው ራሱ ዋና ነገር በሆነ ጊዜ፣ ለምሳሌ አንድ ባለሙያ ከሥራ ቤቱ ጋር ወይም አንዲት እናት ከደጃፏ ጋር ስትነሣ፣ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ11 ቀዳዳ ተስተካክሎ ሦስት ሜትር ላይ ቢነጣጠር፣ ከ1.7 ሜትር ጀምሮ እስከ 15 ሜትር ያለው ሁሉ ይጠራል። መሣሪያው ያው ነው፤ የሚለወጠው የአንሺው አሳብ ነው።

ለዚህ አሳብ እንቅፋት የሆነው የገበያው ሁኔታ መሆኑም ሊካድ አይገባም። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ ውድ ነው፤ ውድ ሌንስ የገዛ ባለሙያ ደንበኛው ልዩነቱን እንዲያይለት ይፈልጋል። በእጅ ስልክ የሚነሣው ሕዝብም ይህንኑ መልክ ስለ ወደደው፣ ስልኮች በስሌት ኋላውን የሚያደበዝዝ ዘዴ ተሠርቶላቸዋል። ይህ ዘዴ በሌንሱ ሕግ የሚሠራ አይደለም፤ ማሽኑ ሰው ነው ብሎ የገመተውን ቈርጦ ያስቀርና የቀረውን ይሸፍናል። ግምቱም ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በጎፈሬ ጠርዝ፣ በነጠላ ቋጭትና በጆሮ ጌጥ ላይ ነው፤ እነዚህ ቀጫጭን ነገሮች ስለ ሆኑ ከስፍራው ጋር አብረው ይበላሉ። እንግዲህ ስልኩ የሰውን ወሰን በራሱ ፍርድ ይከልላል፤ ተነሺውም ጎፈሬው ተላጭቶ እንደ ተነሣ ሳያውቀው ይቀራል።

ስፍራን ሳይደመስሱ ፊትን ማክበር የሚቻል መሆኑን ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በሥራቸው አሳይተዋል። በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ በዓል የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ በ2018 «ዋተር ላይፍ» በሚል ስም ባቀረበቻቸው ፎቶግራፎች፣ በደማቅ ቀለም የለበሱ ሴቶችን በአፋር ዳሎል ምድር ላይ አቁማለች። የውኃን ችግር ለመናገር የተሠራ ሥራ ስለ ሆነ፣ ያ ደረቅ ምድር ቢደበዝዝ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ትርጉም ባጣ ነበር። ሴቶቹ አልተዋጡም፤ ምድሩም አልጠፋም። ትኩረትን ወደ ሰው ለመሳብ ቀለምና አቋቋም የሚበቃ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። የመገናኛ አንሺ ይህን ሥራ እንዲኮርጅ አይጠበቅበትም፤ የሠርግ ደንበኛ የሚሻው ሌላ ነውና። ነገር ግን ተነሺውን ከሕዝቡ ለመለየት ቀዳዳ መክፈት ብቻውን መንገድ አለመሆኑን ከዚህ ሊማር ይችላል፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ማለት፣ የፀሐይን አቅጣጫ መጠበቅ፣ ተነሺውን ከሽቦውና ከሰሌዳው ፈቀቅ ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቁ ዘዴዎች ናቸው።

ነገሩ በመገናኛ ይበልጥ የሚያሳስበው ስፍራው ፈጣን ለውጥ ላይ ስለ ሆነ ነው። በ2015 የባቡሩ መስመር መልኳን ለወጠው፤ በ2024 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከአራት ኪሎ በቀበና በኩል ወደ መገናኛ የሚመጣውንና ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚወርደውን መንገድ ዳር ለዳር ለወጠው። አጥሩ፣ ሱቁ፣ ደጃፉ፣ ሰው ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅበት ጥግ በወራት ውስጥ ሌላ ሆኗል። መሐንዲሱ ፕላኑን ያስቀምጣል፤ ጋዜጣው የምረቃውን ዕለት ያስቀምጣል። ሕዝቡ በዚያ ስፍራ እንዴት እንደ ኖረ፣ ምን ለብሶ በየትኛው ደጃፍ እንደ ቆመ የሚያስቀምጠው ግን የቤተሰብ አልበም ነው። የአልበሙ ኋላ ጉም ከሆነ፣ ከብዙ ሺህ ፎቶግራፍ መካከል መገናኛን የሚያሳይ ለማግኘት ወደ ፊት የሚደክም ተመራማሪ ብዙ ያማሩ ዓይኖች ያገኛል፤ መንገዱን ግን አያገኝም።

ስለዚህ ሒሱ የሚያርፈው በመሣሪያው ወይም በባለሙያው ችሎታ ላይ አይደለም፤ ባልተጠየቀ ልማድ ላይ ነው። የጥራት ጥልቀትን መቈጣጠር ማለት ሁልጊዜ ማሳነስ ማለት አይደለም፤ ማሳነስም፣ ማስፋትም፣ መመጠንም ማለት ነው። አንሺው ቀዳዳውን ከመክፈቱ በፊት ይህ ሰው ከምን ጋር ሊታወስ ይገባዋል ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፣ መልሱ አንዳንድ ጊዜ «ከፊቱ ጋር ብቻ» ይሆናል፤ ያን ጊዜ ይክፈተው። ብዙ ጊዜ ግን መልሱ ከልብሱ፣ ከደጃፉና ከመንገዱ ጋር የሚል ይሆናል። ያን ጊዜ ቀዳዳውን ጥቂት ማጥበብ፣ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይበቃል። በዚያች አንድ እርምጃ የተነሺው ልጆች ከሠላሳ ዓመት በኋላ «ይህ የት ነበር?» ብለው ሲጠይቁ፣ ፎቶግራፉ ራሱ «መገናኛ ነበር» ብሎ ይመልስላቸዋል።